የቀለበቷ ቀስት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሐሙሲት ከተማ ላይ ነበር። የእህል ወፍጮ ሞተር አልነሳም ብሎ ተጠራን። አለቃዬ ጋሽ ይርጋ ፒንሳና ቴስተር ከማውጣታቸው በፊት ከቦርሳቸው አንድ አሮጌ የልብስ ካውያ አወጡ።

ባለወፍጮው ሳቀ። «ጋሽ ይርጋ፣ ዛሬ ደግሞ ሱሪ ሊተኩሱልኝ መጡ?»

«ያንተ ሱሪ በካውያ አይድንም» አሉትና ካውያውን ሰኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ካውያ ስንት ኃይል እንደሚስብ አውቃለሁ። መለኪያዬ ያንኑ ካሳየኝ አምነዋለሁ። የማታውቀውን በምታውቀው ፈትን።»

ኤሌክትሪክን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የማውቀውን ያወቅሁት ከእሳቸው፣ ከተዋስኳቸው መጻሕፍት፣ ኋላም ከስልክ ነው። ሲያርፉ ካውያቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ ብዙ ቤት መስመር ስዘረጋ ከቦርሳዬ አልተለየም። ሶላር ሲመጣ ግን የፀሐዩንና የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ሁሉንም በስክሪኑ ስለሚያሳይ ካውያውን ቤት አስቀመጥኩት። ይከብደኝ ነበር።

ልጄ ትርንጎ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ገዛች። የስንት ዓመት ድካሟ እዚያ ማሽን ውስጥ ነበር። እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ሙቀቱ ሳይጓደል መቆየት አለበት። በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት ይሄዳል፣ ብርዱም አይምርም። ስለዚህ ጣሪያዋ ላይ ፓኔል፣ ከውስጥ ኢንቨርተርና ባትሪ ገጠምኩላት። ስጨርስ እንቁላሎቹ አሥራ አምስት ቀናቸው ነበር።

በመጨረሻ፣ ከቆጣሪው በሚመጣው ገመድ ላይ መለኪያ ቀለበቷን አጠለቅሁ። ቤቱ ከመስመር ስንት እንደሚወስድ፣ ሲተርፈውም ስንት እንደሚሰጥ ለኢንቨርተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ጎኗ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወዴት እንደዞረ ሳላይ የገመዱን ሳጥን ክዳን ዘጋሁ።

በማግስቱ ማለዳ ትርንጎ ስክሪኑ ፊት ቆማ ጠራችኝ።

«አባዬ፣ ከቁጥሩ ፊት ያለችው ሰረዝ ምንድን ናት?»

«ለመስመሩ እየሰጠን ነው ማለት ናት።»

«ፀሐይ ሳትወጣ ከየት አምጥተን ነው የምንሰጠው?»

«ኢንቨርተሩ ካንቺ የተሻለ ያውቃል። አትንኪው። አንቺ እንቁላልሽን ጠብቂ።»

ወደ እንቁላሎቿ ተመለሰች። ለአባት መልስ መስጠት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን ደመና ሆነ። በሦስተኛው ቀን እስከ ቀትር ፀሐይ በረታች፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጣና መብራት ሄደ። እኔ ይፋግ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ፣ ባትሪው ባዶ ነው ይላል።»

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ምንም። አትንኪ ብለውኝ የለ?»

ስደርስ ማሽኑን በብርድ ልብስና በጋቢ ጠቅልላ፣ ከሰል ላይ ያፈላችውን ውኃ በጀሪካን እያደረገች ዙሪያውን ደርድራለች። ቴርሞሜትሩን በእጇ ይዛለች። ሰላምታ አልተሰጣጠንም። የገመዱን ሳጥን ክዳን ከፈትኩ። መመሪያው ቀስቱ ወደ ቤቱ ይዙር ይላል፤ የእኔ ወደ ቆጣሪው ዞሯል።

ቀለበቷ ነገሩን ሁሉ ገልብጣ ስትናገር ቆይታለች። ቤቱ ሲወስድ ይሰጣል፣ ሲሰጥ ይወስዳል ትላለች። ፀሐይ በርትታ ከቤቱ ፍላጎት ስታልፍ፣ ኢንቨርተሩ ለቤቱ ኃይል የጎደለ መስሎት ባትሪውን ጨምሮ ወደ መስመር አፈሰሰው።

መብራት የመጣው በማግስቱ ነው። ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ፤ አንድም ቅርፊት አልተሰነጠቀም። ትርንጎ አንድ ቀን ጨምራ ጠበቀች። ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እየሰበረች አሳየችኝ። ውስጣቸው የሞቱት ጫጩቶች ላባ አውጥተው ነበር።

«ሰረዟን ጠይቄዎት ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

«ጠይቀሽኛል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ለልጅ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ካውያውን ከቤት አመጣሁ። ቀለበቷን አዙሬ አጠለቅሁና ካውያውን እሷ እንድትሰካው ሰጠኋት። ሰክታ ስክሪኑን አየች።

«ካውያው የሚስበውን ያህል ጨመረ። ሰረዝም የለም።»

ክዳኑን የዘጋሁት ይህን ካለች በኋላ ነው። በሳምንቱ ሌላ እንቁላል አስገባች።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ቀስቱን እዩ። ስንት እንደሚስብ የምታውቁትን ዕቃ ሰክታችሁ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ስለ ቁጥሩ ከጠየቃችሁ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ።