ያረምኩት መስመር

በደርግ ዘመን ተሰድጄ ናይሮቢ ስኖር እንጀራዬ ጊጊሪ፣ አንድ የእርዳታ ቢሮ ውስጥ ነበር። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያመለከቱ ስደተኞችን ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ፤ ፋይሉ በኬብል ፎቅ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ይተላለፍና ታትሞ ለኤምባሲ ይላካል።

ታዲያ አንዳንድ ቀን ፋይሉ ፎቅ ሲደርስ ተበላሽቶ ይገኛል። ሁልጊዜ ቢሆን እኮ ደግ ነበር! ሰኞ ደህና ይገባል፤ ማክሰኞ ሦስት መስመር በቁጥር ፋንታ ዝባዝንኬ ይሞላዋል። ዲስኩን ቀየርን፣ ኮምፒውተሩን ቀየርን፣ ወይ ፍንክች! ኬንያዊው አለቃዬ "ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብለን እናገኘዋለን" ይለኛል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ፋይሉን መልሼ እንደመላክ፣ ምን አባቱ ብዬ የተበላሸውን በእጄ መሙላት ጀመርኩ።

አንድ ቀን የተበላሸው የጎረቤቴ ልጅ የትውልድ ዓመት ሆነ። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ እናትየዋን እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ከዚህች የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ በቀር ማንም አልቀራትም። ከማኅደራቸው ከአገር ቤት የመጣውን የክትባት ካርድ አወጣሁና ዓመቱን እንዳለ ገለበጥኩት።

የብልሽቱን ምክንያት ያገኘሁት በሳምንቱ ነው። ፋይል እየላክሁ ጸሐፊዋ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ጀመረች፤ ተበላሸ። ማሽኑ ሲቆም ላክሁ፤ ደህና ገባ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ለካ ኬብላችን ከፎቶ ኮፒው የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ተጠላልፎ ኖሯል! አራርቀን አሰርነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፊደል አልተበላሸችም። አቤት ስኩራራ!

የኤምባሲው መልስ ሲመጣ ጎረቤቴ ወረቀቱን ይዛ በሬን ደበደበች። ለእሷ ተፈቅዷል። ልጅቷ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሆናት ለብቻዋ ታመልክት ተብሏል።

"ይቺን አሥራ ዘጠኝ? አበዱ እንዴ! ያ የምትረግመው ማሽን ነው አይደል ወንድሜ?"

ያኔ ነው ያ ካርድ ትዝ ያለኝ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ስምንት ዓመት መጨመር ነበረብኝ።

"አዎ እትዬ፣ ማሽኑ ነው" አልኳት።

በማግሥቱ እርማት ጻፍኩ። ኤምባሲው ለአንዲት ልጅ ሁለት የትውልድ ዓመት ሲያይ ማጭበርበር ነው ብሎ የእናትየዋንም ፈቃድ ሰረዘው። ይህንን ልነግራት ሄጄ ደጃፏ ላይ እንባዬ ቀደመኝ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

"አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ?" አለችኝ። "ማሽን ነው።"