በማንጎው ሥር የተከፈተው ምግብ ቤት

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ማብቂያ፣ ሐሙስ ዕለት ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የክፍላችን ቆርቆሮ በሙቀት እየተንጣጣ ሳለ፣ መምህር ጌታሁን ጠመኔ አንሥተው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካና አንድ ቢላዋ የሣሉ ጊዜ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ይህን ያህል አስተካክዬ የማስታውሰው የተለየ ተሰጥዎ ኖሮኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ከቢሮ ወጥቼ ለብቻዬ ምሳ ልበላ በገባሁበት ምግብ ቤት፣ አስተናጋጁ የተጠበሰ ዓሣ ከግማሽ ሎሚ ጋር አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ፤ ሎሚውን ስጨምቀው ከትኩሱ ዘይት ላይ የተነሣው ሽታ ያንን ሐሙስ ከነሙቀቱ፣ ከነዝንቡና ከነጠመኔው አቧራ መልሶ አመጣብኝ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ሆኖ ከደጋ ወደ ጋምቤላ የተዛወረው እኔ ገና በእግሬ ሳልቆም ስለሆነ፣ ለእኔ አገር ማለት ባሮ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በኩል እያጓራች የምትመጣው መርከብ፣ በዳርቻው የተደረደሩት የማንጎ ዛፎች፣ ከሥራቸው ወድቆ የሚፈላው ፍሬ ሽታ፣ ማታ ማታ ከታንኳ የሚራገፈው ዓሣ። በከተማው ውስጥ ምግብ ቤት የሚባለው አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ኑሩ ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ከሱቃቸው ጎን በሸምበቆ ባሠሩት አዳራሽ ውስጥ ለመርከብ ሠራተኞችና ለጭነት መኪና ሾፌሮች ዓሣ ያስጠብሱ ነበር፤ ዓሣ ስለሆነም ክርስቲያኑም እስላሙም ያለ ጥያቄ አብሮ ይበላ ነበር። እዚያ ቤት ማዘዝ የሚባል ነገር የለም። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ የተሠራው ይመጣለታል። አንድ አዲስ ሾፌር «ምን ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ሐጂ «የተራበ ሰው አለ፣ የበሰለ ዓሣ አለ፤ ሌላ ምን ይኑር?» አሉት እየተባለ ይወራ ነበር።

መምህር ጌታሁን ግን የጎሬ ሰው ነበሩ፤ መምህራን ማሰልጠኛ ሳሉ አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ራት በልተዋል። ስለዚያ ራት የማናውቀው ነገር አልነበረም፤ የአስተናጋጁ ነጭ ጓንት፣ የሾርባው ማንኪያ ክብነት፣ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ድምፅ ማሰማት እንደማይገባው ሁሉ እናውቃለን። ያን ሐሙስ ከሥዕሉ ሥር የእንግሊዝኛውን አነጋገር በተራ ጻፉና ክፍሉን በሙሉ ያስጮኹን ጀመር። «አይ ውድ ላይክ ፍራይድ ፊሽ፣ ፕሊዝ»፣ የተጠበሰ ዓሣ እፈልጋለሁ፤ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዎተር?»፣ ውሃ ላገኝ እችላለሁ? አስተናጋጁ ደግሞ «የስ ማዳም፣ ኤኒቲንግ ኤልስ?» ይላል፤ እሺ እመቤቴ፣ ሌላስ?

ለሌሎቹ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ተቀመጥኩ። እናቴ ያሳደገችኝ በሌላ ሥርዓት ነው፤ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልሽ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትያለሽ፣ ሁለተኛ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ፣ «በሞቴ» ሲሉሽ አንዲት ጉርሻ ትቀምሺና እጅሽን ትሰበስቢያለሽ። «እፈልጋለሁ» የሚል ቃል በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ ከእናቴ ጋር በሚሲዮኑ ክሊኒክ የምትሠራውን ፈረንጅ ነርስ ልንጠይቅ ሄደን ብስኩት በሳህን አቀረበችልን፤ እኔም እንደተማርኩት «ኖ ታንክ ዩ» አልኩ። ነርሷ ፈገግ አለችና ሳህኑን መልሳ ወደ ጓዳ ይዛው ሄደች። በሞቴ የለ፣ እባክሽ የለ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ብስኩቱን በዓይኔ ሸኘሁት።

ይህ ዓይን አፋርነቴ በዚያ ዓመት ሌላ ጣጣ አምጥቶብኝ ነበር። የጋምቤላው ትምህርት ቤት የሚያበቃው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰባተኛን ለመማር ጎሬ አክስቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። እናቴ ስትለምነው አባቴ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። «አፏን የማትከፍት ልጅ ጎሬ ሄዳ ምን ትሆናለች? ስትራብ ለማን ትናገራለች?» በመጨረሻ ግን መምህር ጌታሁን ለወላጆች ቀን ከምግብ ቤቱ ትምህርት ትንሽ ቲያትር እንደሚያዘጋጁና እኔ እንደምገባበት ሲነግሩት፣ «እንግዲያው ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ» አለ። «ድምጿ እኔ ዘንድ ከደረሰ ትሄዳለች። ካልደረሰ ግን ከእናቷ ጋር ቤት ትቀመጣለች።»

በቲያትሩ እኔ አስተናጋጅ፣ ጋትሏክ ደግሞ ተመጋቢ እንድንሆን ተመደብን። ጋትሏክ የኑዌር ልጅ ነው፤ ልጅ ልበለው እንጂ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ በግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሠመሩ ስድስት መስመሮች ነበሩት፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ዴስኩን ያነሣው ነበር። በእንግሊዝኛ የሚደርስበት አልነበረም። ልምምዱን ስንጀምር ግን ያ ጎበዝ ተማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መስኮቱን መስኮቱን እያየ ዝም አለ።

«ምነው ጋትሏክ!» አሉ መምህር ጌታሁን። «ትናንት መጽሐፉን በቃልህ ያነበነብከው አንተ አልነበርክም? ባሮ ሙሉ ዓሣ እያለ አንዲት ዓሣ ማዘዝ አቃተህ?»

«መምህር፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጋትሏክ አልሳቀም። «አልልም» አለ።

መምህሩ ተናደዱ፤ እስከ ሰኞ ካልተስተካከላችሁ ሁለታችሁንም በሌላ እተካለሁ አሉ። እኔም ጎሬን ያኔውኑ ከእጄ ስትወጣ አየኋት።

በዚያው ዕለት ማታ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ጋትሏክን ወንዙ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። እንስራዬን አስቀምጬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ነገሩን እሱ ራሱ ጀመረው።

«አስካለ፣ መምህር አያውቅም። እኔ ሰው ሆኛለሁ» አለና የግንባሩን መስመሮች በጣቱ ነካ። «ሰው የሆነ ወንድ ሴት ልጅ እያየች አይበላም። ምግብ ስሙንም አይጠራላትም። እኛ ጋ ትልቅ ነውር ነው። እህቴ ብትሆኚ ይቻላል። እህቴ አይደለሽም።»

«ቢርብህስ?»

«ይርበኝ! ርቦኛል ከምል እሞታለሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ርቦኛል ማለት የማፍር እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከእኔ የባሰ ተገኘ፤ ያውም አንበሳ አይፈራም የሚባል ረጅም ሰው። ከዚህ የተነሣ ሳላስበው ደፈርኩ። «እንግዲያው ተመጋቢዋ እኔ ልሁን፤ አንተ አስተናጋጅ ሁን» አልኩት።

«አስተናጋጅ ምን ይላል?»

«‹የስ ማዳም› ይላል፤ ‹ኤኒቲንግ ኤልስ› ይላል።»

ጥቂት አሰበና «ምግብ የለበትም» አለ። «ጥሩ ነው። ስትበዪ ግን አላይም። ዞሬ እቆማለሁ።»

መምህር ጌታሁንም ቅያሪውን ተቀበሉ። የቀረው የእኔ ድምፅ ነበር። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ወንዙ ዳር እየወረድኩ የባሮን ማዶ እንደ ወጥ ቤት ቆጥሬ «ፍራይድ ፊሽ ፕሊዝ!» እያልኩ እጣራ ጀመር። በአጠገቤ ልብስ የሚያጥቡ የአኙዋ ሴቶች መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ሳቁብኝ፣ በኋላ ግን ለመዱኝ። ከእነሱ አንዷ፣ ጥርሳቸው ወለቅ ወለቅ ያለ አሮጊት፣ ምን እንደማደርግ ከአንዲት ልጅ ጠይቀው ከተረዱ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር «ዛሬም አልመጣም? ምግብ ቤት ቀይሪ!» ይሉኝ ነበር።

የወላጆች ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ በትልቁ ማንጎ ሥር ተከበረ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የአውራጃው ገዥና ቄሱ ከፊት ተቀመጡ፤ ሴቶቹ መሬት ላይ፣ ከወንዙ የመጡት ደግሞ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አባቴ እንዳለው ከመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጠ። ሐጂ ኑሩ ጠረጴዛቸውን ከነአበባ ጨርቁ አበድረውን ነበር፤ ዓሣው በወረቀት ተሠርቶ ይቅረብ ሲባል ግን ተቆጡ። «በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሰው ወረቀት አይበላም!» ብለው እውነተኛ ዓሣ አስጠብሰው ላኩ።

የመምህሩን ሚስት ቦርሳ አንጠልጥዬ ገባሁና ተቀመጥኩ። ጋትሏክ ነጭ ፎጣ በክንዱ ጣል አድርጎ፣ የማንጎው ቅርንጫፍ ራሱን እየነካው መጣና «ጉድ አፍተርኑን ማዳም» አለ። አፌን ከፈትኩ። የወጣ ነገር የለም።

«ጮክ በይ ልጄ!» አሉ ሐጂ ኑሩ ከተቀመጡበት። «ወጥ ቤቱ እኮ ከሱቄ ማዶ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ እንደ መጋረጃ ስለሸፈነኝ «አይ ውድ ላይክ ፍራይድ ፊሽ፣ ፕሊዝ» አልኩ። ምናልባት ሁለተኛው ወንበር ድረስ ሄዷል። አባቴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘንበል ሲል አየሁት፤ ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው። ውሃውንም አዘዝኩ፤ አባቴ ግን እጁን ዳግመኛ አላነሣም።

ጋትሏክ ዓሣውን አምጥቶ አስቀመጠና እንደተናገረው ዞሮ ፊቱን ወደ ባሮ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አድርጎ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ገዥው ወደ ቄሱ ጠጋ ብለው «ሥርዓት ማለት ይህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አሁን የቀረኝ ሹካውን አንሥቼ አንድ ጊዜ መጉረስና «ዴሊሸስ»፣ ይጣፍጣል፣ ማለት ብቻ ነው።

ሹካውን አነሣሁ፤ ቀናም አልኩ። ከተማው በሙሉ ያየኛል። ቄሱ፣ ሐጂ፣ የእናቴ ጓደኞች፣ አሮጊቶቹ፣ ምሳቸውን ያልበሉ ሕፃናት ሁሉ አሉ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምግብ የቀረበው ለእኔ ብቻ ነው። እጄ ወደ አፌ አልሄድ አለኝ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ከወንበሬ ተነሣሁና የእኔ መሆኑን በማላውቀው ድምፅ፣

«እንብላ!» አልኩ።

ከዚያ ግቢው በሙሉ ባንድ አፍ «ብዪ! ብዪ ልጄ! ይባረክ!» አለ። ሐጂ ኑሩ እጃቸውን አንሥተው «ቢስሚላህ በዪ!» አሉ። ከአጥሩ በኩል ደግሞ የወንዙ አሮጊት «መጣላት! መጣላት!» እያሉ ያጨበጭባሉ። መምህር ጌታሁን ከዛፉ ኋላ ሆነው «ኢን ኢንግሊሽ! ኢን ኢንግሊሽ!» ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። ጋትሏክ አልዞረም፤ ጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት ግብዣውን እንደ ግብዣ ስለወሰዱት ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ ዓሣው አለቀ፤ ዝናቡም ወረደ። «ዴሊሸስ» ሳይባል ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አልተናገረኝም። እኔም ነገሩ እንዳበቃ ገብቶኝ ከኋላ ከኋላ እያለቀስኩ ተከተልኩ። ራት ላይ እናቴ «እንግሊዝኛዋን ሰማሃት?» አለችው።

«አልሰማሁም።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«አንዲት ቃል ደርሳኛለች» አለ አባቴ። «ኬላው ላይ ያለው ዘብም ሳይሰማት አልቀረም።» እጁን ታጠበና ቀጠለ። «በሰው አገር ሰው ጠርታ የምትበላ ልጅ ጦሟን አታድርም። እህትሽ ዘንድ ላኪያት።»

ከዚያ ወዲህ ጎሬ ተማርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ጨረስኩ። መርከቧ መምጣት ካቆመች ቆይታለች። ሐጂ ኑሩ አርጅተው ልጆቻቸው ዘንድ ጅማ ሄደዋል ይባላል። ጋትሏክ በዚያው ክረምት ወደ ከብቶቹ ወደ ምዕራብ ወረደ፤ ከኢታንግ ማዶ አስተማሪ ሆኗል ያለኝ ሰው አለ፣ እውነቱን አላጣራሁም። እኔ ዛሬ በማንኛውም ምግብ ቤት፣ በሁለት ቋንቋ፣ ሳልንተባተብ የምፈልገውን አዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ያ ዓሣ ሲቀርብልኝ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሽማግሌ ያዘዙት እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እኔም ዓይኔን ሰብሬ በላሁ። እሳቸውም ከእኔ ምንም አልጠበቁም። «እንብላ» አለማለቴ የታወቀኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው፤ ተመልሼ ምን እላለሁ?

ከቲያትሩ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ዝናቡ አባርቶ ግቢያችን በወደቀ ማንጎ ተሞልቶ ነበር። እናቴ የበቆሎ ቂጣና ሻይ አቀረበች፤ እንደ ሁልጊዜው ለእኔ ትንሿን ልትሰጠኝ፣ ከዚያም ልትለምነኝ ተዘጋጅታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ርቦኛል» አልኳት። «ትልቁን ስጪኝ።»

ቂጣውን እንደያዘች ቆየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ የገባ እንግዳ እንደምታይ አየችኝ።

«በቃ፣ ሄድሽ» አለች ቀስ ብላ፣ ትልቁንም ሰጠችኝ።

ጨርሼ በላሁና ሳህኔን ዘርግቼ «ጨምሪልኝ» አልኳት።