አያቴ የጨመሩት መደገፊያ

አሰላ ውስጥ ወንበር ሲሠሩ የኖሩት አያቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። አባታቸው የሚሠሩት መደገፊያ የሌለው በርጩማ ነበር፤ መደገፊያውን የጨመሩት እሳቸው ናቸው። ከሳጉሬ ለገበያ የመጡ እናቶችን ሳይቀር አዲስ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ "የቱ ጋ ቆረቆረዎት?" ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌው ለስብሰባ አዳራሹ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ አዘዛቸው። እሳቸው ግን መደገፊያ ሠርተውለት አስረከቡ። ሊቀመንበሩ፣ "ማን ፈቀደልዎት? ምቾት የአድኃሪ ነው!" ብሎ ሲጮህ፣ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ያስራቸዋል ብዬ ከኋላቸው ተሸሸግኩ።

አያቴ ለስብሰባ መጥተው በር ላይ ወደቆሙ አንዲት አሮጊት እያመለከቱ፣ "ልጄ፣ ስብሰባችሁ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኚህ እናት ወገባቸውን ምን ላይ ያሳርፉ?" አሉት።

ሊቀመንበሩ አሮጊቷን ጥቂት አያቸውና፣ "በሉ አግዳሚው ይግባ" አለ።

አድጌ ሙያውን ከእሳቸው ከተማርኩ በኋላ፣ በወንበራቸው ላይ የክንድ ማሳረፊያ ጨመርኩ። ሥራቸውን ያረምኩ እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሁለቱንም ክንዳቸውን አሳረፉ።

"ምነው ቀደም ብለሽ በተወለድሽ! አባቴም ባረፈበት ነበር" ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ዛሬ ወንበር የምንሠራበት ክፍል ውስጥ ቦታቸው ባዶ ነው። ያንን ሳቅ ስለሰጡኝ ግን አመሰግናቸዋለሁ።