የቅዳሜው መካሪ

የመኪና መለዋወጫ የምትሸጠው ሴት የሽማግሌውን ስም አታውቅም፤ በሆዷ ግን «ገበያ አባራሪው» ትላቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እጥበት ያነጣውን ሰማያዊ ቱታቸውን ልቅም አድርገው ተኩሰው ለብሰው ይመጣሉ። ዳገቱ አፋፍ ላይ ካለው ሱቋ ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሁልጊዜ በግራ ጫፍ ይቀመጣሉ። የቀኙን ቦታ ለሰው የያዙ ይመስላሉ።

ደንበኛ የሞተር ካንዴላ ሊገዛ ሲል ዝም አይሉም። «እስቲ አሮጌውን አሳየኝ፣ ልጄ። ይሄማ ገና ነው! በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርገህ መልሰው። በገንዘቡ የሚያፈስ ጣሪያህን አስጠግንበት።»

ደንበኛው አመስግኖ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እሷ ጥርሷን ትነክሳለች።

ዛሬ ግን አላስቻላትም። «አባባ፣ ለመሆኑ እርስዎ መኪና አለዎት?»

«ነበረችኝ። ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ሸጥኳት፤ አሁን ታክሲ ሆናለች።» ወዲያው እጃቸውን አነሱ። «ቆዪ፣ መጣች።»

አንዲት አሮጌ ታክሲ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ማርሽ እንደሚቀይር ሰው ጉልበታቸው ላይ ተንቀሳቀሰች።

«ሞተሯ ይቆራርጣል» አሉ ድምፁ ሲርቅ። ገብተው አራት አዲስ ካንዴላ ገዙ፤ ግን አልወሰዱትም። «ሹፌሩ ካንቺ ነው የሚገዛው። ሲመጣ ስጪልኝ። ማን ሰጠኝ ካለሽ፣ ሱቁ ነው በይው።»

«አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍገውስ?» አለች እየሳቀች።

በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ለእሷስ ሰስቼ አላውቅም።»