በጦርነቱ ሰሞን ለልቤ ስራመድ

ሐይቅ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ስኳርም ደም ግፊትም ስላለብኝ ሐኪሙ፣ «ቦርጭዎን ካላጠፉ ልብዎ ይደክማል፤ በየጠዋቱ እስኪያልብዎ ይራመዱ» ብሎኝ ነበር። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘረፉ። የቀረችኝን አንዲት እሽግ የስኳር ክኒን ቤት ትቻት እንዳትዘረፍብኝ ከኪሴ አልለያትም ነበር። እርምጃውንም አላቋረጥኩም።

አንድ ጠዋት በሐይቁ ዳር እየፈጠንኩ ስሄድ ሁለት ወጣት ታጣቂዎች አስቆሙኝ።

«ወዴት ነህ?» አለኝ አንደኛው።

«የትም አልሄድ፣ ልጄ።»

«የትም ለማትሄደው ምን አስቸኮለህ?»

«ወላሂ፣ ለልቤ ብዬ ነው!»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ጠመንጃውን አቀባበለና፣ «ሰላይ ይዘናል!» ብሎ አለቃውን ጠራ።

አለቃው ፀጉሩ የሸበተ ከሲታ ሰው ነው። ኪሴን ሲፈትሽ ክኒኖቹን አገኘ፤ ስማቸውንም አነበበ። ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ሰውየው አንዷን ክኒን ያለ ውሃ ዋጠና የቀሩትን ኪሱ ከተተ።

«ልቀቁት» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔም ስኳር አለብኝ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ስራመድ ነው የከረምኩት፤ ምንም አልጠቀመኝም። እርስዎ ግን ይራመዱ» አለኝ።