ጋሼ ምላጭ የደበቀው እጅ

የእህቴን ባል ሰፈሩ የሚጠራው ጋሼ ምላጭ እያለ ነው። ሠላሳ ዓመት ጸጉር አስተካክሏል። ጢም ሲላጭ ምላጩ መንካቱ እንኳ አይታወቅም ነበር። እኔ ደግሞ ከእጄ ይልቅ ምላሴ የሚፈጥን ሰው ነኝ፤ የማወራችሁም ምላሴ ያጠፋውን ጥፋት ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የደንበኛውን አንገት ደፋ አድርጎ መላጨት አመጣ። "ቀና ልበል እንጂ" ስትለው "ትንሽ ታገስ" ይልሃል። ለካ ደንበኛው በመስታወቱ እጁን እንዳያይበት ነው። አንድ ጠዋት የእኔን ጆሮ ቆረጠው። ደሜ አንገቴ ላይ ሲወርድ በገንኩና፣ ከደጁ እንደወጣሁ ላገኘሁት ሁሉ "ሰውዬው በጠዋቱ ጠጥቶ ነው የሚሠራው" አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። እህቴ እያለቀሰች ብትጠይቀው አልጠጣሁም ብሎ እንኳ አልማለላትም። ጸጉር ቤቱን ዘጋ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ እሑድ በጸሎት ቤት ምስክርነት ያለው ይነሣ ሲባል ጋሼ ምላጭ ተነሣ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ አነሣው። ይንቀጠቀጣል።

"ይሄ መጠጥ አይደለም፣ በሽታ ነው" አለ። "ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል። ከሚስቴም ከእናንተም ደበቅኩት፤ አፍሬ ነው። በዘጋሁት ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ወንጌል ሳነብ፣ ጌታ ከሞት ተነሥቶ የተቸነከረ እጁን ለወዳጆቹ ሲያሳይ አገኘሁት። እሱ ቁስሉን ካልደበቀ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ የምደብቀው?"

እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ቀረብኩት።

"ጋሼ፣ ሰካራም ነው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ተመችቶኝ ነዋ። ሰካራም ሲሉኝ፣ አንድ ቀን ይተዋል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። በሽተኛ ካሉኝ ግን ማን ተስፋ ያደርግብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ክርስቶስ አልጣለኝም፤ ይሄ እጅ ባይድንም አልጣለኝም።"

ስም ማጥፋቴን መጠለያ አድርጎት ኖሯል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ከምላሴ ቀድሞ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። መዳፌ ውስጥም መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ እሱም አልሰበሰበውም።