በሰኔ የተቋጠሩ መጻሕፍት

መምህርት እማዋይሽን ቤተ መጻሕፍት ያስገባት ጠመኔ ነው። ወረታ ላይ ስምንት ዓመት አማርኛ ካስተማረች በኋላ ብናኙ ደረቷን ያፍናት ጀመር፤ ሐኪሙም ከሰሌዳ ፊት እንድትርቅ ጻፈላት። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው የታመመ፣ ከአለቃ የተጣላ ወይም ጡረታው የደረሰ መምህር ነበር። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ታሪክ አስተምር ስለነበር ቁልፉን ተቀብላ ስትሄድ አይቻታለሁ። ከሹመቷ የተሻረች ትመስል ነበር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ እማዋይሽ ከእንግዲህ አቧራ ልታስተምር ነው ብሎ አሳቀን። ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

አቧራውን ጠርጋ ስትጨርስ ያስተማረችውን ግን ማናችንም አላስተማርንም። የፎገራ ሜዳ ልጆች፣ ከሩዝ አገር የሚመጡት፣ ወረታ ውስጥ ለአራት ለአምስት እየሆኑ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ከቤት የሚመጣላቸውን ስንቅ እየበሉ ነው የሚማሩት። ደብተር የሚዘረጉበት ስፍራ እንኳ የላቸውም፤ እሷ ዘንድ ይመጣሉ። ከመካከላቸው የቄስ ልጆች የሆኑት መጽሐፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በልብሳቸው ይጠርጋሉ። ነገር ግን መጽሐፍ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መነበብ ያለበት ይመስላቸው ነበር። ስለ ወባ አንድ ገጽ ሊፈልግ ገብቶ ሦስት መቶ ገጽ ሲያነብ የሰነበተ ልጅ አውቃለሁ። ማውጫ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሁለት መጻሕፍት ሲቃረኑ እንዴት እንደሚመዘኑ፣ ያላወቁትንም ሳያፍሩ መጠየቅን ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ ሰሌዳ ሳትነካ።

ከዚያ ስልክ መጣ። መማሪያ መጽሐፉ መታተሙ እየቀረ በቴሌግራም ይላክ ጀመር፤ ልጆቹም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገቡት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ሆነ። እማዋይሽ አልተቆጣችም። እሷም ስልክ ያዘች፤ ፋይል መጫንን ከተማሪዎቿ ተማረች። ቀጥሎ በየወንበሩ እየዞረች ይኸን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ አንተስ በምን አመንኸው እያለች ትጠይቃቸው ጀመር። ልጆቹ «መርማሪዋ መጣች» እየተባባሉ ስልካቸውን ይሸሽጋሉ፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ኋላ ኔትወርኩ ለወራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ መደርደሪያው ተመለሱ። አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ተጠጋግተው ሲያነቡ አይቻለሁ። እኔ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ ሄጄ መቀመጥ ልማዴ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጸጥታ የሚወድ ይመስለዋል እንጂ፣ የሚወደው ልጆች የሚያነቡበትን ጸጥታ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ርእሰ መምህሩ ባምላክ አስጠራት። ባምላክ ከይፋግ መጥቶ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ያደገ፣ የገዛ ተማሪዋ ነው። የነገራት ነገር አጭር ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሆን ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ደርሰዋል፤ ደህና ወለልና አስተማማኝ የመብራት መስመር ያለው ክፍል ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው። በሦስት ቀን ይለቀቅ። መጻሕፍቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይከርማሉ። መስከረም ላይ ኮሚቴ ያያቸዋል። ለአገልግሎት የሚበቁ ከሆነ በአጥሩ በር አጠገብ ያለችው የማዕዘን ክፍል ቤተ መጻሕፍት ትሆናለች፣ እማዋይሽም ከመጻሕፍቷ ጋር ትቀጥላለች። ካልበቁ ይወገዳሉ፤ የእሷም መደብ ይታጠፋል።

ይህን ስትነግረኝ ልቆጣላት ሞከርሁ፤ እሷ ግን ከለከለችኝ። የሜዳው ልጅ ኮምፒውተር በእጁ ሳይነካ ፈተና ይግባ እንዴት እላለሁ አለችኝ። እውነቷን ነበር። የሚያሳዝነኝም ይኸ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምጠላው ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ያስፈራት ግምጃ ቤቱ ነው። ከግቢው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ክረምት ሲበረታ የጎርፍ ውኃ ይገባዋል፣ በበጋም ምስጥና አይጥ አለበት። ሦስቱን ቀን ደግሞ ካፊያው ሳይቋረጥ ዋለ። እማዋይሽ የሩዝ ገበሬ ልጅ ናትና የሩዝ ገበሬ የሚያደርገውን አደረገች። ወንድሟን የኋላሸትን ከታች ከሜዳው ጠራችው። እሱም ውስጣቸው ድርብ ላስቲክ ያለባቸውን የእህል ከረጢቶች በባጃጅ ጭኖ መጣ። በእኛ አገር የከበረ ነገር ሁሉ በእነዚህ ከረጢቶች ነው የሚከርመው፦ የዘር ሩዝ፣ የክት ልብስ፣ የሟች ፎቶግራፍ ሳይቀር። የላስቲኩ አንገት ከተቋጠረ ውኃም ነቀዝም አይገባውም። ገበሬው የሚጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመቋጠሩ በፊት ሩዙን በፀሐይ ያሰጣዋል፤ ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይነክሳል። ፍሬዋ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ይከታል፣ ካልተሰበረች መልሶ ያሰጣል።

የኋላሸት ቀልደኛ ነው። በመጻሕፍቱ ክምር ዙሪያ ዞረና «እታለም፣ ዘንድሮስ ምርቱ ቀንቶሻል» አላት። ሦስታችን ከረጢት ስንሞላ፣ መጻሕፍቱን በጨርቅ እየጠረግን ስንደረድር ዋልን። እኔ ላስቲኩን እይዛለሁ፣ እሱ በሲባጎ አንገቱን ይቋጥራል። የመጀመሪያውን ከረጢት ሊቋጥር ሲል እጁን ገታ አደረገ።

«ፀሐይ አግኝቷቸዋል?» አላት።

«ወረቀት እኮ ነው! ከረግረግ የወጣ ሩዝ አደረግኸው እንዴ?»

«እንጃ። እኔ መጽሐፍ አምርቼ አላውቅ» ብሎ ቋጠረው። ሳቅን።

ሃያ ስድስት ከረጢት ሆነ። በግምጃ ቤቱ ውስጥ ከወለሉ በወገብ ከፍታ የባሕር ዛፍ ቆጥ ሠርቶላት ከላዩ ደረደርናቸው። ክረምቱን በሙሉ በየሳምንቱ ሄዳ ታያቸው ነበር። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውኃ ሲያለብሰው፣ የከተማውም ቦይ ገንፍሎ ግምጃ ቤቱ ገባ። በማግስቱ የጎማ ጫማዋን እንዳጠለቀች፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ እቤቴ ድረስ መጣች። ውኃው ከቆጡ በታች አለፈ፣ ከረጢቶቹን ጠብታ አልነካቸውም አለችኝ። ሳል እያቋረጣት የማዕዘኗን ክፍል መደርደሪያ አደራደር ነገረችኝ፤ ለወረቀት አንድ ግድግዳ፣ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው እየጠየቋት የሚሠሩበት አንድ ጠረጴዛ። ሁለቱን አስታርቃ ልታስተምር አስባ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ደስ ብሏት ያየሁበት ቀን ያ ነው።

ከመስቀል በኋላ ኮሚቴው መጣ፤ ባምላክና ሁለት መምህራን። የኋላሸት ቋጠሮ ሊፈታ ከቆጡ ላይ ወጣ፤ እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። የመጀመሪያው ከረጢት እንደተፈታ፣ ማንም ሳያይ፣ ሽታው ነገረን። ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦታል፤ ጠብታው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተሰልፏል። መጻሕፍቱ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሰዋል። እማዋይሽ አንዱን ስታነሣ ሦስት ሆኖ ተነሣ፤ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ እንደ ጡብ ጠጥሯል፣ መካከሉ ገና እርጥብ ነው። ያ የሰኔ እርጥበት፣ በእጃችን ብንዳብሰው ያልተሰማን፣ ከመጻሕፍቱ ጋር አብሮ ተቋጥሮ ኖሯል።

እማዋይሽ ሁለተኛውን ፍታ አለችው። ሦስተኛውን። ሃያ ስድስቱንም አስፈታችው። የኋላሸት የፈታውን ሲባጎ ሁሉ በእጁ ላይ እየጠቀለለ ከቆጡ ወረደ። እሷ የሚያስላትን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሁለት ቀን ሙሉ መጻሕፍቱን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሸራ አንጥፋ በፀሐይ አሰጣቻቸው። ገጾቹን ስናላቅቃቸው እየተቀደዱ መጡ። ከሁለት ሺህ በላይ ከነበሩት የተረፉት አርባ አይሞሉም።

ሰው የሚወደውን ነገር በቸልታ ብቻ የሚያጠፋ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ለተማሪዎቼ የነገርኋቸውም ይኸንኑ ነው፤ ከተማ የሚፈርሰው ጠባቂ ሲተኛ ነው እያልሁ። ጠባቂው ሳይተኛ፣ ከሁሉ ተግቶ፣ በትጋቱ በራሱ የሚያጠፋበት ጊዜ እንዳለ የሚናገር ምዕራፍ አላስተማርሁም። አላውቀውም ነበር። አሁንም ባላወቅሁት ይሻለኝ ነበር።

ባምላክ ቃለ ጉባኤውን ራሱ ጻፈው። የንብረት ያዥ ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር ቢሮው አስገባት፤ ብቻዋን አልሄድም ስላለች እኔም አብሬ ገባሁ። መጻሕፍቱ በክረምቱ ከባድ እርጥበት ምክንያት ስለተበላሹ እንዲወገዱ ይላል። ደጋግማ አነበበችውና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ባምላክ፣ ይኸ እውነት አይደለም።»

«እትዬ፣ ምኑ ነው ያልሆነው?»

«ክረምቱ ምን አደረገ? ሁልጊዜም ክረምት ነው። የፎገራ ልጅ ያልደረቀ ነገር አይቋጥርም። እንደዚያ ብለህ ጻፈው።»

በሩን ዘግቶ ለመናት። እንደዚያ ከተጻፈ የንብረት ጥፋት ሆኖ ማህደሯ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ልትዛወር ብትፈልግ እንኳ እንደሚከለክላት አስረዳት። ማውጫ እንዴት እንደሚገለጥ ያሳየችውን መምህርት በገዛ እጁ እንዲከስ እንዳታደርገው ለመናት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷ ግን ለእነዚያ ልጆች ሁሉ ይኸን ማን ጻፈው፣ እውነት ነው ወይ ስትል ኖራ፣ በመጨረሻ ራሷ በሐሰት ላይ መፈረም እንደማይሆንላት ነገረችው። እንደማይጽፍላት ስታውቅ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ከግርጌው በዚያ በሰሌዳ ጽሕፈቷ፣ ትልልቅ አድርጋ፣ «ሳላደርቅ የቋጠርሁት እኔ ነኝ» ብላ ጽፋ ፈረመች።

እኔም ላስቲኩን ይዤ ነበር። ፊርማ አልተጠየቅሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ቁልፎቹን ከቀለበቱ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የማዕዘኗ ክፍል ቁልፍ፣ በሰኔ ተሰጥቷት የነበረው፣ የመጨረሻው ነው። ክፍሏ ለምን እንደምትሆን ጠየቀችው። ባምላክ ቀና ሳይል፣ ለጊዜው የስፖርት ዕቃ ይገባባታል አላት።

«በመስኮቱ በኩል ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ኳሶቹን ወደ በሩ አድርጓቸው» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።